ሦስቱ «በ»ዎች፦ ለአዲስ ወላጆች ስለሚሰጠው የጥንቃቄ ትምህርት የቀረበ ሂስ

ስለ መንግሥትና ስለ ምርጫ፣ ስለ ታሪክና ስለ ባንዲራ ብዙ በተባለበት መድረክ ላይ ስለ ሕፃን አልጋ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ቧልት ሊመስል ይችላል። ቧልት አይደለም። በአሜሪካ በየዓመቱ 3,500 ያህል ጨቅላ ሕፃናት በተኙበት ሕይወታቸው ያልፋል። ከፊሎቹ ምክንያቱ ተጣርቶ ባልታወቀ ድንገተኛ ሞት፣ ከፊሎቹ በትራስና በብርድ ልብስ ታፍነው ነው። ይህንና ይህን የመሰለውን አደጋ ለመቀነስ ሲባል በየሆስፒታሉ፣ በየቀይ መስቀሉና በየቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ለአዲስ ወላጆች ትምህርት ይሰጣል፦ የምጥ አተነፋፈስ፣ ጡት አጠባብ፣ ሕፃን አስተኛኘት፣ የመኪና ወንበር አስተሳሰር፣ ትን ያለውን ሕፃን ማትረፊያ። እኔም በእነዚህ ክፍሎች ሁለት ጊዜ እንደ አባት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለዘመድና ለወዳጅ እንደ አስተርጓሚ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሂሴ ወደ ሁለት ወገን ነው። ትምህርቱ በይዘቱ ነፍስ አድን መሆኑን አምናለሁ፤ ለእኛ ሰው የሚቀርብበት መንገድ ግን ለማይሰማ ጆሮ እንደ መናገር ነው። በሌላ ወገን ደግሞ እኛ፣ በተለይ ተምረናል የምንለው፣ «እናቶቻችን ያለ ክፍልና ያለ ሰርተፍኬት አሳድገውን የለም ወይ?» እያልን የምንሳለቅበት ነገር ዋጋ ያስከፍላል።

ለመሆኑ ይህ ትምህርት ከየት መጣ? በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አብዛኛዋ አሜሪካዊት እንደ እኛ አያቶች በቤቷ ነበር የምትወልደው። በ1940 እንኳ ከመቶ ወላዶች 44 ያህሉ የሚገላገሉት ከሆስፒታል ውጪ ነበር። በ1969 ግን ከመቶ 99ኙ ሆስፒታል ገቡ። ምጡ ከቤት ሲወጣ እናትም፣ አክስትም፣ ጎረቤትም፣ ልማደኛዋ አዋላጅም ከነገሩ ወጡ። ባዶውን ቦታ ለመሙላት አዲስ ነገር አስፈለገ። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ ምጥን የሚያከብደው ፍርሃት ነው ብሎ በ1930ዎቹ ጻፈ። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ላማዝ በ1951 ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ከፓቭሎቭ ትምህርት የተቀዳ የምጥ ማቅለያ ዘዴ አይቶ ወደ ፓሪስ ይዞት ተመለሰ። ማርጆሪ ካርሜል የተባለች አሜሪካዊት ፓሪስ ውስጥ በዚሁ ዘዴ ወልዳ ታሪኳን በ1959 በመጽሐፍ አወጣች፤ በ1960 ከኤሊዛቤት ቢንግ ጋር ሆና ዛሬ በላማዝ ስም የሚጠራውን ድርጅት መሠረተች። በ1965 ደግሞ ሮበርት ብራድሌይ የተባለ ሐኪም ባልን የምጥ አሠልጣኝ የሚያደርግ መጽሐፍ ጻፈ። (ከኮሙኒስት አገር የመጣ ዘዴ በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል የአሜሪካ ባልና ሚስት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ትንፋሽ የሚለማመዱበት መሆኑ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።)

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የክፍሉ ቅርጽ የተቀረጸው አያት አጠገቧ ለሌላት፣ ከባሏ በቀር ማንም ለሌላት ሴት ነው። ስለዚህ ነው ወንበሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚደረደረው። የመመዝገቢያው ቅጽ ላይም ሁለት መሥመር ብቻ አለ፤ አንዱ ለእናት፣ አንዱ ለአጋሯ።

የኛ ቤት ግን ገና አያት አለው። ልጅቷ መፀነሷ እንደተሰማ የቪዛው ነገር ይጀመራል፤ ዲሲ ያለው ዘመድ የግብዣ ደብዳቤ ይጽፋል፤ እማማ ለጋ ቅቤውን፣ የገንፎውን ዱቄት፣ አብሹንና በርበሬውን በሻንጣ ጠቅጥቀው ከቦሌ ይነሣሉ። ከመጡበት ሰዓት ጀምሮ ሕፃኑን የሚያጥቡት፣ የሚያሹት፣ የሚጠቀልሉትና የሚያስተኙት እሳቸው ናቸው። እናቲቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በ1993 የወጣው የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ነውና ስንቱ የኛ ሰው ይችለዋል? አባትየው ሌሊት ታክሲ ይነዳል ወይም ፓርኪንግ ያድራል። ታዲያ ሕፃኑን ሁልጊዜ ማን እንደሚያስተኛው የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ሕፃን አስተኛኘት የሚማሩት የማያስተኙት ሁለቱ ናቸው። አንድ ጊዜ አማቴን ይዤ ለመግባት ብጠይቅ «ቦታው ለጥንድ ነው» ተባልኩ። አንዳንድ ሆስፒታሎች ለአያቶች ብቻ የተዘጋጀ ክፍል አላቸው፤ መልካም ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው።

ወደ ቋንቋው እንምጣ፤ ሂሴ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው።

የአስተኛኘቱ ትምህርት በእንግሊዝኛ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» በሚል ይታወቃል። ሕፃኑ ብቻውን፣ በጀርባው፣ በራሱ አልጋ ይተኛ ለማለት የሦስቱ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ተወስደው የተሠራ መሸምደጃ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጥሩ ነው። ወደ አማርኛ የተመለሱ በራሪ ጽሑፎችን አይቻለሁ። ርእሱ «የአስተማማኝ እንቅልፍ ኤ ቢ ሲ» ይላል፤ ከሥሩ በኤም በቢም በሲም የማይጀምሩ ሦስት የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል። አንባቢዋ ፊደሎቹ ለምን እንደመጡ አይገባትም። የሚያሳዝነው አማርኛው ከእንግሊዝኛው የተሻለ መሸምደጃ በነፃ የሚሰጥ መሆኑ ነው፦ ብቻውን፣ በጀርባው፣ በአልጋው። ሦስቱም «በ» ቤት ናቸው፤ አንድ አያት በአንድ ጊዜ የምትይዘው፣ ለጎረቤት የምታቀብለው ነገር ነው። ይህን ለማየት የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ጽሑፉን አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል።

የባሰም አለ። ከእነዚሁ ጽሑፎች አንዱ «ሕፃኑን ሁልጊዜ በጀርባ ያስተኙት» ይላል። ይህንን ለአንዲት የጎንደር እናት ሳነብላቸው ፊታቸው በራ። «እሱማ ነው ልጄ፤ በጀርባዬ ካልሆነ መች ይተኛና!» አሉኝ። ልክ ናቸው። በአማርኛ ሕፃን በጀርባ ተኛ ከተባለ ታዝሎ ተኛ ማለት ነው። ተርጓሚው የሕፃኑን ጀርባ ማለቱ ነው፤ ሰሚዋ የእናቲቱን ጀርባ ነው የሰማችው። ለዚህ ነገር ቋንቋችን ቃል አላጣም፤ ማንጋለል የሚባል ቃል አለን። «ሕፃኑን አንጋለው ያስተኙት፤ ፊቱ ወደ ጣራ ይሁን» ስላቸው «እንዲያ በለኝ እንጂ!» ብለው የልጃቸውን ልጅ ትራስ ከአልጋው አነሡት። ሁለት ደቂቃም አልፈጀም።

ሌላም ልጨምር። የሕፃናትን ማባሪያ የሌለው ለቅሶ ለወላጅ የሚያስረዳ በሰሜን አሜሪካ በሰፊው የሚሰጥ ትምህርት አለ። ለቅሶው በሁለተኛው ወር ገደማ እንደሚበረታ፣ ልጁ ምንም ሳይጎድለው ለሰዓታት ሊያለቅስ እንደሚችል፣ የመረረው ወላጅ ልጁን ከመነቅነቅ ይልቅ በደህና ቦታ አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ማለት እንዳለበት ያስተምራል። ሕፃን ተነቅንቆ አንጎሉ ሊደማ፣ ሊታወር፣ ሊሞትም እንደሚችል የእኛ ሰው ብዙም አልሰማምና ትምህርቱ ወርቅ ነው። ስሙ ግን ስድስት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ተጋጥመው «ፐርፕል» የሚል ቃል ስለሚሠሩ ከዚያ የወጣ ነው። ቃል በቃል ብንመልሰው «ሐምራዊ ለቅሶ» ሊሆን ነው። ለቅሶ ደግሞ እኛ ዘንድ ነጠላ አዘቅዝቀው የሚደርሱት ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለሐበሻ አራስ ከመስጠት በፊት አንድ ሐበሻ መጠየቅ ምን ይከብድ ነበር?

ተርጓሚዎቹን ሰነፎች ናቸው ልል አይደለም። አሠራሩን አውቀዋለሁ። ድርጅቱ ጽሑፉን ለትርጉም ኩባንያ ይልካል፤ ኩባንያው በቃል ቁጥር ይከፍላል፤ ተርጓሚው ማን እንደሚያነበው አይነገረውም፤ የተመለሰውን ጽሑፍ ደግሞ በድርጅቱ ውስጥ አማርኛ የሚያነብ ሰው ስለሌለ ማንም አያየውም። ፊደሉ ያማረ ከሆነ ይታተማል። በዓመቱ መጨረሻ «በ12 ቋንቋ አገልግሎት ሰጥተናል» የሚል ሪፖርት ይወጣል።

አሁን ደግሞ ትምህርቱ ራሱ ስለሚናገርበት ድምፅ። አስተማሪዋ ስለ አስተኛኘት ስትናገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ እውነት የምትናገር ትመስላለች። እውነቱ ግን የቅርብ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ መጽሐፉ በሚሊዮኖች እጅ የነበረው ዶክተር ቤንጃሚን ስፖክ ሕፃን በሆዱ ይተኛ ብሎ ይመክር ነበር፤ በጀርባው ከተኛ ቢያስታውከው ትን ሊለው ይችላል የሚል ነበር ምክንያቱ። ሐኪሞቹም ለአሥርት ዓመታት ይህንኑ ደገሙ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ቃሉን የለወጠው በ1992 ነው፤ አገር አቀፉ ዘመቻ የተጀመረው በ1994 ነው። ከዚያ በኋላ ባለው አሥር ዓመት ምክንያቱ ያልታወቀው ድንገተኛ ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። በሕክምና ታሪክ ውስጥ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ምክር ይህን ያህል ነፍስ የተረፈበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ያው ታሪክ ከዚያ በፊት በነበረው ምክር ስንት ነፍስ እንደጠፋም ይናገራል። ይህ ታሪክ በክፍሉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሲነገር አልሰማሁም። ቢነገር ግን አያቶቹን የሚያሳምነው እሱ ነበር። «እኛም ተሳስተን ነበር፤ ቆጥረን አየነው፤ ተመለስን» ያለ ሰው «እናንተ አታውቁም» ካለው ሰው ይልቅ ይደመጣልና።

ሕፃንን ከእናቱ ጋር አልጋ ላይ ማስተኛት የሚለው ጉዳይ ከሁሉ የከረረው ነው። አካዳሚው በ2022 ባወጣው ምክር ሕፃኑ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር በወላጆቹ ክፍል ውስጥ፣ ነገር ግን በራሱ ጠፍጣፋና ጠንካራ አልጋ ላይ ይተኛ ይላል። አንድ አልጋ መጋራትን አይደግፍም፤ ወላጆች በተለያየ ምክንያት እንደሚያደርጉት ግን ያውቃል። የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲው የሥነ ሰብእ ምሁር ጄምስ መኬና እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሲተኙ ትንፋሻቸውንና እንቅልፋቸውን ለዓመታት አጥንቶ የሚያጠባ እናትን ከልጇ መለየት ትክክል አይደለም ብሎ ተከራክሯል። የብሪታንያው የጤና አገልግሎት ደግሞ መካከለኛውን መንገድ ይዟል። በጭራሽ አታድርጉ ብቻ ብሎ አይዘጋም፤ የጠጣ፣ የሚያጨስ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት የወሰደ፣ ልጁ ያለ ጊዜው ወይም ከክብደት በታች የተወለደበት ወላጅ ፈጽሞ እንዳያደርገው፣ ሶፋ ላይ ደግሞ ማንም እንዳይሞክረው፣ ሌላው ሊያደርገው ከሆነ ትራሱንና ብርድ ልብሱን ከሕፃኑ እንዴት እንደሚያርቅ ያስተምራል።

እኔ በበኩሌ የእንግሊዞቹ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም በዐይኔ ያየሁት ነው። በአሜሪካው ክፍል አስተማሪዋ «ልጁ የት ይተኛል?» ብላ ስትጠይቅ የኛ ሴቶች ሁሉ «በአልጋው» ይላሉ። ቤታቸው ስሄድ አልጋው ላይ የታጠበ ልብስ ተከምሯል። ውሸታሞች ሆነው አይደለም፤ እውነቱን ቢናገሩ ልጃቸው የሚወሰድባቸው ስለሚመስላቸው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ወሰደ የሚለው ወሬ በየቡናው ላይ ይወራል። ከዚህ ፍርሃት የሚመጣው አደጋ ደግሞ ከተፈራው ይብሳል። አልጋዋ ላይ ልጇን ይዛ መተኛት የፈራች እናት በሌሊት ለማጥባት ሶፋ ላይ ትቀመጣለች፤ ድካሙ ይጥላታል፤ እንቅልፍ ይወስዳታል። አዋቂ ከሕፃን ጋር ሶፋ ላይ ወይም ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተኝቶ መገኘት ከሁሉ የከፋው አደጋ መሆኑን ሁሉም ወገን ይስማማበታል። በክፍሉ ውስጥ ግን ይህ ጉዳይ በአንዲት ስላይድ ጥግ ላይ ነው የሚታለፈው።

የሚነገረው የኛን ቤት አያውቀውም፤ የኛ ቤት አደጋ ደግሞ አይነገርም። ስለ መዋኛ ገንዳ አጥር ግማሽ ሰዓት ይወራል፤ መዋኛ ገንዳ ያለው የኛ ሰው ስንት ነው? ስለ ከሰል ግን አንድም ቃል የለም። በክረምት መስኮቱ ተዘግቶ፣ ለአራሷ ተብሎ ቡናው ሲፈላና ዕጣኑ ሲጨስ፣ ከሰሉ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ይተፋል። ከዚያ በላይ ደግሞ የጭስ መጠቆሚያው ቡና በተቆላ ቁጥር እየጮኸ ስላስቸገረ ባትሪው ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል! (ይህን የሚያነብ ሁሉ ወደ ጣራው ቀና ብሎ ይመልከት።) ስለ ኩል አንድ ቃል የለም። ኩል እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለመዋቢያነት አይፈቅደውም፤ እኛ ግን «ዐይኑ ይጠራል» ብለን ለጨቅላው እንኳለዋለን። ለአዲስ ሕፃን ቅቤ ማላስን የክፍሉ አስተማሪ ጨርሶ አልሰማችውም፤ ስለዚህ አትከለክለውም። ማርን በሚመለከት ይነገራል፤ ግን «ለሕፃን ማር አትስጡ» ብቻ ተብሎ ይታለፋል። ለምን? በማር ውስጥ የሚገኝ የጀርም ዘር ዓመት ባልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ በቅሎ ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ስለሚሠራ ነው፤ ይህ በሽታ በሕፃናት ላይ የታወቀው ገና በ1976 ነው። ምክንያቱ ሲነገራቸው ሴቶቹ ይቀበላሉ። «አይሆንም» ብቻ ሲባሉ ግን ማር መድኃኒት ነው ተብሎ ያደገ ሰው በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል።

ትክትክም አለ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የሚመጣው ወዳጅ ሁሉ ሕፃኑን ሳይስም አይሄድም። አስተማሪዋ «ጎብኚ ቀንሱ» ትላለች። አራስ ጥየቃን መቀነስ ማለት እኛ ዘንድ ሰው መጥላት ነው፤ ማንም አይቀንስም። ይልቅ «የሚመጣው ሰው የትክትክ ክትባት ይውሰድ፣ እጁን ይታጠብ፣ ፊቱን ሳይሆን እግሩን ይሳም» ቢባል የሚፈጸም ነገር ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚል አባባል አለን። በችግር መሐል ላለች እናት የሚያጽናና ቃል ነው፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባለ ሁለት መኪና ቤተሰብ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ለስንፍና መሸፈኛ ይሆናል። «እኛም እንዲህ ሆነን አድገናል» የሚለው ሰው ያላደገውን አይቆጥርም። በ2000 የተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው፣ 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት 48 እና 67 ሆኗል። የዚህ ሞት አብዛኛው ምክንያት የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና የመሳሰለው እንጂ አስተኛኘት አይደለም፤ ነገሩን ማምታታት አልፈልግም። ነገር ግን እናቶቻችን ልጅ ማሳደግን የተማሩት ጥቂት ከማይባሉ ቀብሮች ጋር ነው። ያንን ሐዘን የቀመሰች እናት ብትጠየቅ «ያኔ የሚነግረኝ በኖረ» ነው የምትለው እንጂ በክፍሉ አትስቅም። የሚስቀው የሷ የተማረ ልጅ ነው።

አገር ቤት ደግሞ እኛ ሳናየው የተሠራ ነገር አለ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማራ። እነዚህ ልጆች እርጉዝ ሴቶችን ሰብስበው ሲያስተምሩ ቡና ያፈላሉ። በብዙ ጤና ጣቢያ ደግሞ እናቲቱ ቤቷ ከምታጣው ነገር ዋናው ገንፎው መሆኑ ስለታወቀ ገንፎው እዚያው ጤና ጣቢያ ይገነፋል፤ ሴቶች ጤና ጣቢያ መውለድን እንዲለምዱ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ጉራጌ አካባቢ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል መንገድ ለራቃቸውና ችግር ለሚፈራላቸው እናቶች ማቆያ ቤት የከፈተው በ1976 ነው፤ እናቶች እዚያ ተሰብስበው ቀናቸውን እየጠበቁ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ። ፊንላንዶችም ያደረጉት በሐሳቡ ሩቅ አይደለም። ከ1938 ጀምሮ ለድሃ እናት፣ ከ1949 ጀምሮ ለሁሉም፣ የሕፃን ልብስና ፍራሽ ያለበት ሣጥን ይሰጣሉ፤ ሣጥኑ ራሱ አልጋ ይሆናል፤ ለማግኘት ግን እርግዝናው አራት ወር ሳያልፍ ሐኪም ዘንድ መታየት ግድ ነው። ገንፎውም ሣጥኑም ሰዎቹ ከሚፈልጉት ነገር ተነሥተው ወደሚያስፈልጋቸው ያደርሳሉ።

በዚህ አጋጣሚ ሳላነሳው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። በሪያድ፣ በቤይሩት፣ በዱባይ የሌላ ሰው ጨቅላ የሚያሳድጉት የኛ እኅቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከገጠር በቀጥታ ወደ ማያውቁት ቤት ገብተው፣ የማያውቁት ቋንቋ በሚነገርበት፣ አራስ ልጅ በእጃቸው ይሰጣቸዋል። ልጁ ትን ቢለው ማንን ይጠሩ? ስልካቸው የተወሰደባቸው አሉ። አንድ ክፉ ነገር ቢደርስ ተጠያቂዋ ማን እንደምትሆን ደግሞ አያጠራጥርም። ሕፃንን አንጋሎ ማስተኛትና ትን ያለውን ማዳን ለነሱ የሕፃኑ ነፍስ ብቻ ሳይሆን የራሳቸውም ነው።

ምን ይደረግ? ሕጉ በከፊል አለ። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንዲያገለግሉባቸው ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሕጉ የሚይዘው ግን የከተማውን መሥሪያ ቤት እንጂ የግሉን ሆስፒታል አይደለም። ለሆስፒታሉ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ሕግ አሉ። በ2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን የተፈረመውና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን በቋንቋ አገልግሎት የሚያስገድደው ትእዛዝ ግን በመጋቢት 2025 ተሽሯል፤ ስለዚህ ነገሩ ከትናንት ይልቅ ዛሬ ጠያቂ ይፈልጋል። እኔ ራሴ ለአንድ ክፍል አስተርጓሚ ስጠይቅ «ለሕክምና እንጂ ለትምህርት አንሰጥም» ተብያለሁ። ይህ መልስ ትክክል ነው ወይ ብሎ በጽሑፍ የጠየቀ ማኅበር እስካሁን አላየሁም። በየምሽቱ ስለ አገር የሚከራከሩ ጠበቆች ግን ሞልተውናል።

ሆስፒታሎቹን ብቻ መውቀስም አይበቃም። በየሆስፒታሉ ያሉት የኛ ነርሶች ስንት ናቸው! ለሌላው ሕዝብ በእንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ውለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ መስጊድ ይመጣሉ፤ ማንም አይጠይቃቸውም። አንድ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ አንዲት ነርስ አሻንጉሊት ይዛ ስታስተምር አይቻለሁ። የመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ አራቱ አያቶች ናቸው። ትን ያለውን ሕፃን በክንዷ ላይ ደፍታ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋ፣ አምስት ጊዜ በትከሻዎቹ መሐል በመዳፏ ስትመታ፣ ገልብጣ ደግሞ አምስት ጊዜ ደረቱን ስትጫን ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ተመለከቱ። ከዚያ አሻንጉሊቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዷ አያት ደጋግመው ሲመቱ ጎረቤታቸው «ኧረ ቀስ፣ ሊገድሉት ነው!» ብለው አዳራሹን አሳቁት። የመኪናውን ወንበር ስታሳይም «ወፍራም ካፖርት ከማሰሪያው ሥር አታልብሱት» የሚለውን እንግሊዝኛ «ጋቢው ከማሰሪያው በላይ እንጂ ከሥሩ አይሁን» ብላ ነው የተረጎመችው፤ ጋቢው ወፍሮ ማሰሪያውን ስለሚያላላው በግጭት ጊዜ ልጁ ሊያመልጥ ይችላል። አንድ ሾፌር ታክሲ በብዙ ግዛት ከሕፃን ወንበር ሕግ ነፃ እንደሆነ ሲናገር «ሕጉ ነፃ ያደርግሃል፤ መኪናው ሲጋጭ ግን ታክሲ መሆኑን አያውቅም» አለችው። ይህ ሁሉ ሲሆን አዳራሹ የተፈቀደው ለአንድ ሰዓት ነበር፤ ቀጥሎ የሕንፃ ገቢ ማሰባሰቢያ ስብሰባ ስለነበረ ሳያልቅ ተነሣን።

አንድ ነገር ጨምሬ ላቁም። ጥቅምት 2025 ላይ የአሜሪካ የልብ ማኅበር አዲስ መመሪያ አውጥቷል። ልቡ የቆመን ጨቅላ ደረት በሁለት ጣት መጫን ቀርቶ በአንድ እጅ መዳፍ ወይም ደረቱን በሁለት እጅ ከብቦ በሁለት አውራ ጣት መጫን ይላል፤ ሁለት ጣት የሚፈለገውን ያህል ጥልቀት አያስገኝም ነው ምክንያቱ። እንግሊዝኛው ወዲያው ታረመ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወላድ ከሆስፒታል ስትወጣ ከሰነዶቿ ጋር የተሰጣትን የአማርኛ በራሪ ጽሑፍ አየሁት። ሁለት ጣት ይላል። የታተመበት ዓመት አልተጻፈበትም፤ ስሕተቱን የሚያመለክቱበት ስልክ ቁጥርም የለውም።